ጣና ሸሸ ወይስ ተሸፈነ? ሳተላይት የሚያሳየንና የማያሳየን

ክረምቱ ወጥቶ ደመናው መገለጥ ሲጀምር የጣናን የሳተላይት ምስል የሚለጥፉ ሰዎች ይበዛሉ። በአንድ በኩል የድሮው ሰማያዊ ሐይቅ፣ በሌላ በኩል ዳርቻው አረንጓዴ የለበሰው ሐይቅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ከሥራቸው «ጣና እየጠፋ ነው» የሚል ይጻፋል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ደግሞ ሐይቁ ጥርት ያለበት ሌላ ምስል ይመጣና «ዘመቻው ውጤት አመጣ» ይባላል። ሁለቱም ምስሎች እውነተኛ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ማንም አልቀባባቸውም። ነገር ግን አንዱ በጥቅምት ሌላው በግንቦት የተነሳ ከሆነ እያየን ያለነው የዓመቱን ዑደት እንጂ የሐይቁን ዕጣ አይደለም።

ጉዳዩን ዛሬ ያነሳነው በአንድ ምክንያት ነው። ስለ ጣና የሚወጣው ቁጥር ገንዘብ ይሰበስባል፣ በጀት ያስመድባል፣ ዘመቻ ያስጠራል፣ ወቀሳም ያመጣል። በቁጥሩ ስህተት ቀድሞ የሚጎዳው ግን ሐይቁ ዳር የሚኖረው ሰው ነው፤ ከእነዚህም መካከል ከማንም በፊት ውሃውን ቤታቸው ያደረጉት የነገደ ወይጦ ሙስሊሞች አሉ። እነርሱን ወደ ኋላ እንመለስባቸዋለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውሳለን።

በቅድሚያ ሐይቁን እንወቀው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ስፋቱ በአማካይ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ ጥልቀቱ ግን እጅግ አነስተኛ ነው፤ አማካይ ጥልቀቱ 8 ወይም 9 ሜትር፣ ጥልቁ ቦታ ደግሞ 15 ሜትር ቢሆን ነው። በሌላ አነጋገር ጣና ጎድጓዳ ድስት ሳይሆን ሰፊ ትሪ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ የተባሉት አራት ወንዞች ከሚገባለት የወንዝ ውሃ ከአሥር እጅ ዘጠኙን ያመጡለታል። የሚወጣው ደግሞ በሁለት መንገድ ነው፤ ወደ ዓባይ እና ወደ ሰማይ። በትነት በዓመት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ውሃ ከገጹ ይነሳል፤ ይህን በሐይቁ ስፋት ብናባዛው በባሕር ዳር በኩል በዓባይ ከሚወጣው የበለጠ ውሃ በአየር እንደሚሄድ እናገኛለን። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ዕዳው ይህ ነው።

ትሪነቱ ለሳተላይት ንባብም ወሳኝ ነው። የደቅን ደሴት እና የፎገራን ሜዳ እናነጻጽር። ደቅ ከሐይቁ መካከል ወደ ደቡብ ገባ ብሎ የተቀመጠ፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ ትልቁ የጣና ደሴት ነው። ፎገራ ደግሞ በምሥራቅ በኩል ርብና ጉማራ ለዘመናት ባመጡት ደለል የተነጠፈ ሜዳ ነው። የሐይቁ ከፍታ በአንድ ዓመት ውስጥ በበጋና በክረምት መካከል አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይወርዳል ይወጣል። አሥር ሜትር በሄድን ቁጥር አንድ ሜትር በሚዘቀዝቅ ዳርቻ ላይ ይህ መውረድ የሚገልጠው 15 ሜትር መሬት ብቻ ነው። አንድ ሺህ ሜትር ተሄዶ አንድ ሜትር በሚዘቀዝቅ ሜዳ ላይ ግን ይኸው መውረድ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል መሬት ያጋልጣል። ውሃው የወረደው እኩል ነው፤ ከሰማይ ሲታይ ግን አንዱ ጋ ምንም ያልሆነ፣ ሌላው ጋ ሐይቁ የነጎደ ይመስላል። የአካባቢው ገበሬ ይህን ያለ ሳተላይት ያውቀዋል፤ ለተጋለጠውም መሬት ስም አውጥቶለታል፦ ባሕር ሸሽ። ውሃው ሲሸሽ ይዘራበታል፣ ሲመለስ ይለቅለታል። ደግሞ ሁሌም አይለቅለትም፤ ችግሩም አንዱ እሱ ነው።

ሳተላይቱ ምን ያያል?

ጉዳዩ ምትሃት ስላልሆነ ቀለል አድርገን እናስረዳው። የፀሐይ ብርሃን ምድር ላይ አርፎ ሲመለስ ሳተላይቱ በየቀለሙ ለያይቶ ይለካዋል፤ ዓይናችን የሚያየውን ብቻ ሳይሆን ከቀይ ወዲያ ያለውን ኢንፍራሬድ የሚባለውን ጨረርም ይለካል። ጥርት ያለ ውሃ ኢንፍራሬድን ይውጠዋል፤ ስለዚህ በምስሉ ላይ ይጠቁራል። ለምለም ቅጠል ደግሞ በተቃራኒው ቀዩን ብርሃን ለምግቡ ወስዶ ኢንፍራሬዱን አንጸባርቆ ይመልሰዋል፤ ስለዚህ ይደምቃል። ባለሙያዎቹ እነዚህን ሁለት ልኬቶች አቀናንሰውና አካፍለው ከአንድ እስከ ከዜሮ በታች አንድ የሚደርስ ቁጥር ያወጣሉ፤ ከተወሰነ መጠን በላይ ሲሆን ተክል፣ በታች ሲሆን ውሃ ይሉታል። ልዩነቱን የሚወስነው ያ «የተወሰነ መጠን» ደግሞ በሰው የሚመረጥ ነው።

መረጃው በነጻ የሚገኝ መሆኑ ትልቅ ጸጋ ነው። የአሜሪካው ላንድሳት ከ1972 ጀምሮ ምድርን ሲያነሳ ኖሯል፤ ክምችቱ በ2008 ለማንም ያለ ክፍያ ተከፈተ። የአውሮፓው ሴንቲነል-2 የመጀመሪያው በ2015 ሁለተኛው በ2017 መጠቁና በጋራ በየአምስት ቀኑ ከላያችን ያልፋሉ። በላንድሳት ምስል ውስጥ ትንሿ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ናት፤ በሴንቲነል-2 ደግሞ 10 በ10። አንድ ሄክታር በመጀመሪያው 11 ነጥብ፣ በሁለተኛው 100 ነጥብ ይሆናል ማለት ነው። ሀገራችንም በታኅሣሥ 2019 ከቻይና ያስወነጨፈችው ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለ 72 ኪሎ የሚመዝን ሳተላይት ነበራት፤ የነጥቡ መጠን 13.75 ሜትር ነው። ለእርሻ፣ ለደንና ለውሃ ቁጥጥር ይውላል ተብሎ ነበር የመጠቀው፤ ጣናም ከእነዚህ አንዱ መሆን ይገባው ነበር።

እንግዲህ ከባሕር ዳር ወደ ደቅ የምትቀዝፍ ታንኳ በየትኛውም ምስል ላይ አትታይም። ሰውየው፣ መረቡ፣ የያዘው አምባዛ፣ ሁሉም በአንድ ነጥብ ውስጥ ጠፍተው ይቀራሉ። የሚታየው ውሃው ነው፤ እሱም ሁልጊዜ አይደለም። እምቦጭ በፍጥነት የሚስፋፋበት ወቅት ክረምቱና የክረምቱ ማብቂያ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ጣና ላይ የሚነሳው ምስል አብዛኛው የደመና ምስል ነው። በጣም ማየት የሚያስፈልገን ጊዜ ላይ ዓይናችን የተጋረደ ነው። ደመናን ሰንጥቆ የሚያየው ራዳር ነው። ከ2014 ጀምሮ የሚሠራው ሴንቲነል-1 የራሱን ሞገድ ልኮ የሚመለሰውን ይለካል፤ ፀሐይም የጠራ ሰማይም አያስፈልገውም። እሱም ቢሆን ሐይቁ ላይ ነፋስ ሲነሳና ማዕበሉ ሲበረታ ውሃውን ከአረም መለየት ያስቸግረዋል። ከሁለቱ የሴንቲነል-1 ሳተላይቶች አንዱ በታኅሣሥ 2021 ተበላሽቶ ተተኪው የመጠቀው በታኅሣሥ 2024 ስለሆነ በመካከሉ ሦስት ዓመት በአንድ ዓይን ብቻ ስናይ ቆይተናል።

በ2003 የሆነው

ጣና «ሸሸ» ከተባለ በእርግጥ የሸሸበት ዓመት 2003 ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ጨረጨራን ማወቅ ያስፈልጋል። ሐይቁ ወደ ዓባይ በሚወጣበት በባሕር ዳር መውጫ ላይ በ1996 ሁለት በር ያለው መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ፤ በ2001 አምስት በሮች ተጨመሩለት። ዓላማው ለጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫዎች ዓመቱን ሙሉ የማይዋዥቅ ውሃ መልቀቅ ነው። በአጭሩ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የጣና ከፍታ በዝናብ ብቻ የሚወሰን መሆኑ ቀርቶ በሰው እጅ ገባ። በ2002 ዝናቡ አነሰ፤ ለመብራት የሚለቀቀው ውሃ ግን በዚያ ልክ አልቀነሰም። በሰኔ 2003 ሐይቁ 1,784.5 ሜትር አካባቢ ወረደ፤ መለካት ከተጀመረ ወዲህ ዝቅተኛው ነበር። መርከቦች ለወራት ቆሙ። ከባሕር ዳር ተነስቶ ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላንና ደልጊን እየነካ እስከ ጎርጎራ የሚሄደው ጀልባ ለደሴት ሰው ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይጠፋም፤ ደቅ ውስጥ የታመመ ሰው፣ የሚሸጥ እህል፣ የሚገዛ ጨው ሁሉ በዚሁ ያልፋል። የደንገሉ ረግረግ ደረቀ፣ የተጋለጠው መሬት ታረሰ፣ የዓሣውም ምርት ቀነሰ።

እዚህ ላይ አንድ ግጥምጥሞሽ አለ። ላንድሳት 7 ምስሉን መስመር በመስመር የሚያስተካክልለት ክፍል የተበላሸው ግንቦት 31 ቀን 2003 ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያነሳው እያንዳንዱ ምስል ከአምስት እጅ አንዱ የሚሆነው በጥቁር ሰንጥር ጠፍቶ ይመጣ ነበር። ሌላው የላንድሳት 5 ስብስብም በአፍሪካ ላይ ብዙ ክፍተት አለው። ጣና በታሪኩ እጅግ ዝቅ ባለበት ሳምንት ከላይ የነበረው ዓይን ታሞ ነበር ማለት ነው። በኋላ ሰዎች ክፍተቱን ከሌላ ቀን ምስል እየሞሉ ሠሩ፤ የተሻለውን መረጃ የሰጠው ግን በባሕር ዳር ውሃ ውስጥ የተተከለው ተራ መለኪያ ዘንግ ነው። ይህ መለኪያ ከ60 ዓመት በላይ ሲነበብ የኖረ ነው። ከ1992 ወዲህ ደግሞ የውሃን ከፍታ በራዳር የሚለኩ ሳተላይቶች ጣናን ይከታተላሉ፤ ንባባቸው ከዘንጉ ጋር ይቀራረባል።

ከዘንጉም ከሳተላይቱም የምንረዳው የጣና ከፍታ በ2003 ከወደቀበት ተነስቷል። በግንቦት 2010 የተመረቀው ጣና በለስ ደግሞ ሌላ በር ከፈተ፤ ከሐይቁ ምዕራብ በ12 ኪሎ ሜትር ዋሻ ውሃ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ውሃው ወደ በለስ ስለሚሄድ ተቀንሶ የሚያድረው በጢስ ዓባይ ፏፏቴ በኩል የሚወርደው ነው። በዚያው በ2010 ዓለም አቀፉ የውሃ አስተዳደር ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ያወጡት ጥናት በተፋሰሱ የታቀዱት የመስኖና የኃይል ሥራዎች ሁሉ ቢጠናቀቁ የሐይቁ አማካይ ከፍታ በ0.44 ሜትር፣ ስፋቱም በ30 ካሬ ኪሎ ሜትር ይቀንሳል ሲል ገምቷል። ከ3,000ው 30ው አንድ በመቶ ነው፤ ለዋና ከተማ ቢሮ ይህ ከቁጥር የማይገባ ነው። ነገር ግን ያ 30 ካሬ ኪሎ ሜትር ሐይቁን ዙሪያውን እኩል ተከፋፍሎ አይቀነስም። ከደቅ ድንጋይ ላይ አይነሳም። የሚነሳው ከሜዳው ዳርቻ ነው፤ ደንገል ከሚበቅልበት፣ ዓሣ ከሚራባበት፣ ከብት ከሚግጥበት ቦታ።

ስለዚህ «ጣና እየደረቀ ነው ወይ?» ለሚለው ጥያቄ የእኛ መልስ፦ እንደ ሐረማያ እየደረቀ አይደለም የሚል ነው። ከፍታው ይዋዥቃል፤ የሚዋዥቅበትንም መጠን ከዝናብ ቀጥሎ የሚወስነው የበር መክፈቻና መዝጊያ ነው። ዳርቻው ግን በእርግጥ እየተለወጠ ነው።

አረንጓዴው ነገር

እምቦጭ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ በ1965 በቆቃ ታየ። ጣና ላይ በይፋ የተመዘገበው በ2011 ሲሆን መነሻው በሰሜን በኩል የመገጭ መግቢያ አካባቢ ነው። ከዚያ ወደ ደምቢያ፣ ጎንደር ዙሪያ፣ ሊቦ ከምከምና ፎገራ ዳርቻ ወረደ። ሁኔታው ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ፍሬው ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል።

የቁጥሩን ነገር እዚህ ላይ እንመልከት። አረሙ ከታየ ጥቂት ቆይቶ 20,000 ሄክታር፣ ከዚያም 50,000 ሄክታር ተሸፈነ የሚል ግምት በጋዜጣውም በስብሰባውም ሲጠቀስ ቆየ። 50,000 ሄክታር 500 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ የጣና አንድ ስድስተኛ። ይህን ያህል አረንጓዴ ውሃው ላይ ቢኖር ሊያመልጥ የሚችል ሳተላይት የለም። በሳተላይት ምስል ላይ ተመሥርተው ከዚያ በኋላ የተሠሩ ልኬቶች ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ፣ በመቶዎችና በጥቂት ሺዎች ሄክታር የሚቆጠር ነው ያገኙት። የመጀመሪያዎቹ ገማቾች ዋሽተዋል አንልም። አረሙ የደረሰበትን ዳርቻ በሙሉ «የተወረረ» ብሎ መቁጠርና በአረም የተሸፈነውን ውሃ ብቻ መቁጠር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለቱ ግን አንድ ስም ይዘው ወጡ፤ አንዱ ቁጥር ወደ ሌላው ሲወርድ ደግሞ በመካከሉ የተደረገ ዘመቻ ሁሉ ተአምር የሠራ መሰለ።

በሌላ በኩል የሳተላይቱን ቁጥርም እንደ ወረደ መቀበል አይገባም። ፎገራ ዛሬ የሩዝ አገር ነው፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምር ማዕከልም ያለው እዚያው ነው። ውሃ የተኛበት የሩዝ ማሳ ሐምሌ ላይ ሐይቅ ይመስላል፤ መስከረም ላይ ደግሞ ከእምቦጭ ጋር አንድ ዓይነት ይለመልማል። ከውሃው ዳር ያለው ደንገልም፣ ሣሩም ለኢንፍራሬዱ ያው ለምለም ቅጠል ነው። ጎርፍ የሚያመጣው ቡናማ ውሃ በበኩሉ ጨረሩን ስለሚያንጸባርቅ ውሃ ሆኖ ሳለ መሬት ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። የተነቀለ እምቦጭ ዳር ላይ ተከምሮ ሲደርቅ ደግሞ ከምስሉ ይጠፋል፤ ከገበሬው ግጦሽ ላይ ግን አልጠፋም። በታኅሣሥ ንፋስ ተገፍቶ ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው የሄደ አረም ለአንዱ ወረዳ «ተወገደ»፣ ለሌላው «ወረረን» ነው።

በርዕሱ ያነሳነው ጥያቄም እዚህ ላይ ነው። እምቦጭ የተኛበት ውሃ በኮምፒውተር «ውሃ አይደለም» ተብሎ ከሐይቁ ስፋት ይቀነሳል። ከታች ግን ውሃው አለ። ሐይቁ ሳይሸሽ የሸሸ ይመስላል። በዓለም ላይ ብዙ የተጻፈለት የቻድ ሐይቅ ታሪክም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። በ1960ዎቹ 25,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው፣ የአራት አገር ሕዝብ የሚኖርበት ያ ሐይቅ በ1980ዎቹ ድርቅ ከአሥር እጅ ዘጠኙን አጣ፤ ይህ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ቁጥሩ ቆሞ ቀረ፤ ዛሬም «ቻድ ጠፋ» እየተባለ ይነገራል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በራዳር ጭምር ሲጠና ሰፊ ክፍሉ በሣርና በቄጠማ የተሸፈነ ውሃ መሆኑ፣ ሐይቁም ባለፉት ሃያ ዓመታት እየጠበበ አለመሄዱ ታየ። ጠፋ የተባለ ሐይቅን ማንም አይጠብቀውም፤ ይህ የቁጥር ስህተት ዋጋው ነው።

የተቃራኒው ምሳሌ ሐረማያ ነው። ሐረማያ የምር ደረቀ። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ የሚሰጥ፣ ዙሪያው በጫትና በአትክልት መስኖ የተከበበ ሐይቅ ነበር። በላንድሳት ክምችት ውስጥ የ1980ዎቹን፣ የ1990ዎቹንና የ2000ዎቹን መጀመሪያ ምስል ተራ በተራ የከፈተ ሰው መጥበቡን በግልጽ ያየዋል፤ ድንገት የሆነ አይደለም። በ2005 አካባቢ ከብት የሚነዳበት ሜዳ ሆነ፤ ሐረርም ውሃዋን ከድሬ ዳዋ በኩል ከከርሰ ምድር ማምጣት ግድ ሆነባት። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃ ተመልሶበታል፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ምስሉ በተከማቸበት ዘመን የጎደለው መረጃ አልነበረም። ፓምፑን የሚያቆም ሰው ነበር የጎደለው።

ከነጥብ በታች የቀሩት

ነገደ ወይጦ ከጣና ዳርቻ ጥንታውያን ነዋሪዎች መካከል ናቸው። ጉማሬ በማደን፣ ዓሣ በማስገር፣ ከደንገል ታንኳ በመሥራት ኖረዋል። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን በ1936 ባሳተመው የጣና መጽሐፉ ስለ እነርሱ ጽፏል። የራሳቸው የነበረው ቋንቋ ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ነው የሚናገሩት። ሙስሊሞች ናቸው፤ ጉማሬ በመብላታቸው ምክንያት ግን ክርስቲያኑ ብቻ ሳይሆን ሙስሊሙ ጎረቤትም አብሮ ላለመብላትና ላለመጋባት ሲሸሻቸው እንደኖረ የተጻፈ ነው። የባሕር ዳር ከተማ ስትሰፋ ከውሃው ዳር እየተገፉ ሄዱ። ዳርቻው ሆቴልና መናፈሻ ሲሆን የእነርሱ መንደር ወደ ጀርባ ተመለሰ።

የእነዚህ ሰዎች ኑሮ ከደንገል ጋር የተያያዘ ነው። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ቶሎ ቶሎ መድረቅም መታደስም አለበት። ደንገሉ ሲያልቅ ታንኳው ያልቃል፤ ታንኳው ሲያልቅ ዓሣው ይቀራል። ሰሌንና ቅርጫት ሠርተው ለገበያ የሚያቀርቡት ሴቶች ጥሬ ዕቃም ከዚያው ከዳርቻው ነው። የ2003 የውሃ መውረድ ያደረቀው፣ የባሕር ሸሹ እርሻ የገባበት፣ የከተማው ግንባታ የሞላው፣ እምቦጩም የታነቀበት ያው አንድ ቀጭን የደንገል ቀበቶ ነው። ሆኖም ስለ ጣና የሳተላይት ምስል ሲነሳ የሚጠየቀው «ስንት ሄክታር እምቦጭ?» ነው እንጂ «ስንት ሄክታር ደንገል ቀረ?» አይደለም። ምስሉ ለሁለቱም ጥያቄ ያው ምስል ነው። ጠያቂ ነው ያጣው።

በጥቅምት 2017 ከኦሮሚያ የተነሱ ወጣቶች «ጣና ኬኛ» ብለው ባሕር ዳር ድረስ መጥተው እምቦጭ ሲነቅሉ መላ አገሩ በደስታ አየ። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ገንዘብ አዋጥተው የማጨጃ ማሽን ገዝተው ልከዋል፤ በጥቅምት 2020ም የአንድ ወር ዘመቻ ተጠርቶ ነበር። ይህ ሁሉ በጎ ፈቃድ ነው፤ ማሳነስ አንፈልግም። ግን ውሃው ጉልበት በማይሞላበት ዳርቻ ትልቅ ማሽን መግባት አይችልም፤ አረሙም በዋናነት ያለው እዚያ ነው። ማሽን ከመግዛት በፊት የጥልቀት ካርታና የአረም ካርታ ደርቦ ማየት ቢቀድም ይህ በወረቀት ላይ ይታይ ነበር። ሥራው ከአንድ ማሽን ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ከነሐሴ 2023 ወዲህ ደግሞ በክልሉ ያለው ግጭት ነገሩን አክብዶታል። ዳርቻውን በእግር ዞሮ መለካት፣ በጀልባ ወጥቶ ናሙና መውሰድ እንደ ቀድሞው አይቻልም። በዚህ ጊዜ ሳተላይት ተጨማሪ መሣሪያ ሳይሆን ብቸኛ ዓይን ወደ መሆን ይጠጋል፤ በዚያው መጠን የማሳሳት አቅሙም ይጨምራል፤ «ይህ አረንጓዴ ሩዝ ነው ወይስ እምቦጭ?» ብሎ ቦታው ድረስ ሄዶ የሚያረጋግጥ የለምና።

ታዲያ ምን ይደረግ ለሚለው የእኛ ሐሳብ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ምሁራን የጣናን እምቦጭ በሳተላይት አጥንተው በዓለም መጽሔቶች ላይ አሳትመዋል፤ ዕውቀቱ እዚሁ ከሐይቁ ዳር አለ። ጣናን እንዲጠብቅ የተቋቋመ የክልል ኤጀንሲ አለ። ሐይቁ በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። የጎደለው በየወሩ በአማርኛ የሚወጣ፣ በወረዳና በቀበሌ የተከፋፈለ፣ ምስሉ የተነሳበት ቀንና «ተክል» ለማለት የተመረጠው መጠን የተጻፈበት አንድ ካርታ ነው። ከእርሱ ጎን የባሕር ዳሩ ዘንግ ንባብና በጨረጨራና በበለስ በኩል የተለቀቀው የውሃ መጠን ይቀመጥ። ይህ የመጨረሻው በተለይ ያስፈልጋል፤ በሩ መከፈቱን ሳያውቅ ዳርቻው መሸሹን የሚያይ ሰው ጥፋቱን በዝናቡ ላይ ወይም በገበሬው ላይ ያደርጋልና።

ማረጋገጫውስ? በየቀኑ ውሃው ላይ የሚውለው ዓሣ አስጋሪ ነው። የወይጦ ታንኳ ቀዛፊ የትኛው አረንጓዴ እምቦጭ፣ የትኛው ደንገል እንደሆነ ሊሳሳት አይችልም። በስልክ አንድ ፎቶ ከነቦታው መላክ ከ10 ሜትር ነጥብ የበለጠ ይናገራል፤ ለዚህ ሥራ የሚከፈል አነስተኛ አበልም ለዘመናት ከሐይቁ ሲገፋ ለኖረ ሰው በሐይቁ ጉዳይ የሚሰማ ድምፅ ይሰጠዋል።

ውድ አንባቢያን፣ ምስሎቹ ክፍት ስለሆኑ ኢንተርኔት ያለው ሁሉ ማየት ይችላል። ማየት ለምትፈልጉ፦ ከተለያየ ወር ሳይሆን ከአንድ ወር የተነሱ ምስሎችን አነጻጽሩ፤ ጥቅምትን ከጥቅምት፣ ግንቦትን ከግንቦት። ከመገጭ መግቢያ ጀምራችሁ በምሥራቁ ዳርቻ እስከ ጉማራ አፍ ውረዱ። ደቅን መሃል ላይ ታገኙታላችሁ፤ ዳርቻው ከዓመት ዓመት እምብዛም ሳይለወጥ። ከዚያ ወደ ባሕር ዳር ዝቅ ብላችሁ በከተማውና በውሃው መካከል ያለችውን ቀጭን አረንጓዴ መስመር ተመልከቱ። የ2015ን እና የዘንድሮን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ የት የት እንደተበጠሰች ቁጠሩ።